ስምጥ ሸለቆው እየሰመጠ ከሆነ ይህ ሁሉ የወንዝ አሸዋ እንዴት ሞላው?

የጂኦግራፊ መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በቅርቡ ድንቅነሽ የተገኘችበትን ቦታ በዓይኔ ለማየት ሃዳር ድረስ ወርጄ ነበር። አንድ ገደል ሥር ቆሜ ወደ ላይ ሳይ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ በላዩ ቡናማ ሸክላ፣ ከዚያ ቀጭን ግራጫ የአመድ መስመር፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና አሸዋ። እስከ አናቱ ድረስ እንደዚያው ነው። ፎቶ አንስቼ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለተማሪዎቼ ስምጥ ሸለቆ መሬት ተሰንጥቆ የሰመጠ ጉድጓድ ነው እላለሁ። ጉድጓድ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ሞልቶት ጥልቅ ሐይቅ መሆን ነበረበት። ከታች የማገኘውም የሐይቅ ጭቃ መሆን ነበረበት። እኔ ግን ከሥር ጀምሮ የወንዝ አሸዋ ነው ያየሁት። ሌላው ደግሞ፣ ቦታው እየሰመጠ ከሆነ የተቀበረው ደለል ዛሬ እንዴት ኮረብታ ሆኖ ይታያል? የሚያስረዳኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

አንድ አንባቢ

እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ትልቅ ጎርፍ መጥቶ በአንዴ የሞላው ነው። ጎርፍ ከባዱን ጠጠር ከሥር፣ ቀላሉን ጭቃ ከላይ ያስቀምጣል። አንዴ በክረምት አይቻለሁ።

ደለል ለኪ

መምህር፣ ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ለብዙ ዓመታት ንብርብር ስለካ ነው የኖርኩት፤ እኔም መጀመሪያ የገረመኝ ይኸው ነበር። ያሳሳተዎት «ጉድጓድ» የሚለው ቃል ነው። ጉድጓድ ቀድሞ ተቆፍሮ በኋላ ይሞላል። ስምጥ ሸለቆ ግን እየሰመጠ ነው የሚሞላው። መሬቱ ጥቂት ዝቅ ይላል። ወንዙ ያቺን ጥቂት ቦታ በአሸዋና በጭቃ ይሞላታል። እንደገና ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይሞላል። ወንዙ ሁልጊዜ ከላይ ነው። ዛሬ መቶ ሜትር ወርዶ የተቀበረው አሸዋ በዘመኑ ፀሐይ የሚመታው የወንዝ ዳር ነበር።

ይህን ቆሜ የምከራከርበት አንድ ነገር ስላየሁ ነው። ከገደሉ ግርጌ ያለውን ቡናማ ሸክላ በመዶሻ ሰንጥቀው ጠጋ ብለው ይዩት። እንደ ክር የቀጠኑ፣ ወደ ታች የሚወርዱና የሚከፋፈሉ ነጫጭ መስመሮች ያገኛሉ። የተክል ሥር የነበረባቸው ቀዳዳዎች ናቸው፤ በኋላ ኖራ ሞላቸው። አጠገባቸው አተር የሚያካክሉ የኖራ ጓሎች አሉ። ያ ሸክላ አፈር ነበር ማለት ነው። ሣር የበቀለበት፣ እንስሳ የረገጠው መሬት ነበር። ጥልቅ ሐይቅ ወለል ላይ ሣር አይበቅልም። ከእሱ በላይ አሸዋ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሥር የሰደደበት አፈር ያገኛሉ። አንዱ መሬት በሌላው ላይ ተደራርቦ ማለት ነው።

ወንድማችን ስለ ጎርፍ ያሉት ከፊሉ ልክ ነው። አንዱን እርከን ብቻ ካየን ጠጠር ከሥር፣ ጭቃ ከላይ ነው። ግን አንድ ጎርፍ ከሆነ በመካከል ሥር የሰደደበት አፈር አይኖርም። አፈር ለመሆን ጊዜ ያስፈልጋል።

ፍጥነቱን ለመገመት ታችኛው ኦሞን ይውሰዱ። ሹንጉራ የሚባለው ክምር ውፍረቱ ከ760 ሜትር ይበልጣል። ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ድረስ የተጠራቀመ ነው። በመሐሉ የሐይቅ ጭቃ አለ፤ አብዛኛው ግን የጥንቱ ኦሞ ወንዝ ያመጣው ነው። ሲያካፍሉት በ1000 ዓመት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ኦሞ አጠገብ ተወልዶ ያረጀ ሰው ምንም ሲሰምጥ አያይም።

ሁለቱ፣ መስመጡና መሙላቱ፣ እኩል ሲሄዱ ወንዝ ያለበት ሜዳ ይሆናል። መስመጡ ሲቀድም ሐይቅ ይሆናል። ታንጋኒካ 1470 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ባይካል 1642 ሜትር። ሁለቱም በስምጥ ውስጥ ያሉ ናቸው። ከውሃቸው በታች ኪሎ ሜትሮች የሚወፍር ደለል ተኝቷል፤ ግን መስመጡን ሊደርስበት አልቻለም። ሃዳርም ሐይቅ አላጣም። ከምሥራቅ በኩል መጥቶ የተመለሰባቸው ጊዜያት ነበሩ። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ታጭቆ የተቀመጠባቸውን ንብርብሮች ካዩ የሐይቁን ዳርቻ ረግጠዋል።

ደለሉ ከየት መጣ ለሚለው፣ ብዙ ሰው አጠገቡ ካለው ገደል ተንዶ የመጣ ይመስለዋል። ከገደሉ የሚመጣው ጥቂት ነው። ስምጥ ሲፈጠር ጠርዙ ይነሳል፣ ጀርባውንም ወደ ውጭ ይሰጣል። ጣርማ በር ላይ ቆመው ያስቡት። በአንድ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ በሌላው በኩል የወረደው ወደ ዓባይ ሄዶ ሱዳንና ግብፅ ይደርሳል። ስለዚህ የደጋው አፈር አብዛኛው ስምጡን ጀርባ ሰጥቶት ይሄዳል። ስምጡን የሚሞሉት በርዝመቱ ገብተው የሚፈሱ እንደ አዋሽና ኦሞ ያሉ ወንዞች ናቸው። ሁለቱም ባሕር አይደርሱም። አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፣ ኦሞ ቱርካና ላይ። የያዙትን ሁሉ እዚያው ያራግፋሉ።

በእጅዎ ሊለዩት ይችላሉ። ከገደሉ የመጣው ድንጋይ ጥርስ አለው፣ እጅ ይቧጥጣል። ወንዝ ከሩቅ ያመጣው ድቡልቡልና ልሙጥ ነው።

ያዩት ግራጫ መስመር ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚወደደው ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ ዕድሜው ሊለካ ይችላል። ሃዳር ላይ ሲዲ ሃኮማ የሚባለው አመድ ወደ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። ያው አመድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ርቆ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ቱሉ ቦር በሚል ስም ይታወቃል። የኬሚካል ይዘቱ እንደ ጣት አሻራ ስለሚመሳሰል ነው የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽም ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ አጥንቷን ሳይሆን በአካባቢው ያሉትን የአመድ ንብርብሮች ለክተው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ። ኮረብታው ከሥር ተገፍቶ የወጣ አይደለም። ከ2.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የአካባቢው ሁኔታ ተለወጠ፣ ብዙ ደለል ታጥቦ ሄደ፣ ከዚያም ጥንታዊው አዋሽ ትልልቅ ጠጠር አነጠፈ። ከሃዳር አጠገብ ባለው ጎና ላይ የተገኙት የ2.6 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያዎች ከዚያው የወንዝ ጠጠር የተመረጡ ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ሰው ዳር ቁጭ ብሎ ጠጠር ሲመርጥ ይታየኛል። ዛሬ ደግሞ አዋሽና ገባሮቹ የሞሉትን መልሰው እየቆረጡት ነው። ዙሪያው ስለተቆረጠ ነው የቀረው ኮረብታ የመሰለው።

ጉድጓድ ቆፋሪ

ከላይ የተባለውን በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ነው የምንቆፍረው። መሬቱ ከላይ አንድ ዓይነት ሜዳ ነው። አንዴ በየሁለት ሜትሩ ናሙና እያወጣሁ በተራ አሰለፍኩ። ሁሉም ሸክላ፣ ያውም እጅ ላይ የሚጣበቅ። ውሃ የለም። ከዚያ ብዙ ሳንርቅ ሁለተኛ ቆፈርን፣ በተመሳሳይ ጥልቀት ንጹህ ወፍራም አሸዋ ወጣ፣ ውሃውም አብሮ መጣ። አሸዋው የድሮ የወንዝ ቦይ ነው፣ እንደ ሪባን ቀጥኖ ይሄዳል። ሸክላው ወንዙ ሲሞላ ዳር የተኛው ነው። ለዚህ ነው ውሃ እንደ ሪባኑ አንዱ ጋ ኖሮ ጎረቤቱ ጋ የሚጠፋው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይና አመድ ነው። ውሃ ወጣ ብሎ ሳያስመረምሩ መጠጣት አይገባም።

የጂኦግራፊ መምህር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ጉድጓድ» የሚለውን ቃል ከነገ ጀምሮ ከማስታወሻዬ አወጣዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ። የጥንቱ ወንዝ ወደ የት ይፈስ እንደነበር ከንብርብሩ ማወቅ ይቻላል?

ደለል ለኪ

ይቻላል፣ በዓይን ብቻ። ጠጠሩ ጋ ጠፍጣፋ የሆኑትን ይፈልጉ። ውሃ ሲገፋቸው መደርደሪያ ላይ እንደተጋደሙ መጻሕፍት አንዱ በሌላው ላይ ይደገፋል። አናታቸው ያዘነበለበት በኩል ወንዙ የሚሄድበት ነው። አንድ ሁለት ጠጠር አይመኑ፣ ብዙ ይቁጠሩ።

የጂኦግራፊ መምህር (ጠያቂ)

አሁኑኑ ፎቶዬን አጉልቼ አየሁት። ከሃያ ሦስት ጠፍጣፋ ጠጠሮች አሥራ ዘጠኙ ወደ ቀኝ አዘንብለዋል። ፎቶውን ሳነሳ ፊቴ ወደ ሰሜን ነበር። ወደ ምሥራቅ ይፈስ ነበር ማለት ነው፣ ሐይቁ ወደነበረበት።