የአባቴ አባት ጣሊያናዊ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ማንን ላስመርምር?

ጥያቄ፦ ሰብለ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሟቹ አባቴ በ1933 ዓ.ም. ደሴ ተወለዱ። ሴት አያቴ «አባቱ ጣሊያን ነው» ይሉ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን አባቴ የሚጠሩት በእናታቸው አባት ስም ስለነበር የሰውየው ስምም ሆነ ወረቀት በእጃችን የለም። እኔ ሴት በመሆኔ የአባት መስመር ምርመራ አይሠራልኝም ተብያለሁ። በሕይወት ያሉት ወንዶች በእናት ብቻ የምንገናኝ ወንድሜ፣ ሴት አያቴ ኋላ ካገቡት ባላቸው የወለዷቸው አጎቴ፣ እንዲሁም አባቴ ከቀድሞ ሚስታቸው የወለዱት፣ አዳማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ማንኛቸው ቢመረመሩ መልስ አገኛለሁ?

መልስ፦ ታደሰ
የአዳማው ወንድምዎ ብቻ ናቸው። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ፣ ከጥቂት ለውጦች በቀር እንዳለ ስለሚተላለፍ፣ የወንድ አያትዎ ዋይ በአባትዎ በኩል የደረሰው ለእሳቸው ነው። አጎትዎ የያዙት የእንጀራ አያትዎን ነው። ይሁን እንጂ አስቀድመው ራስዎ አውቶሶማል የሚባለውን፣ ከእናትም ከአባትም ወገን የሚወረሰውን ዘረመል የሚያየውን ምርመራ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ ከአንድ አያት የሚወረሰው በአማካይ 25 በመቶ በመሆኑ የጣሊያን ድርሻ ካለ ሳይታይ አይቀርም። ከአባትዎ የወረሱት ኤክስ ክሮሞዞም ግን ሙሉ በሙሉ ከእናታቸው የመጣ ስለሆነ፣ በኤክስ ላይ የሚታይ ዝምድና ስለ ወንድ አያትዎ የሚነግርዎ ነገር የለም።

መልስ፦ ሂሩት
የሃፕሎግሩፕ (በዋይ ክሮሞዞም የሚለይ የጥንት የአባት ዘር ግንድ) ስም ብቻውን እንዳያሳስትዎ እሰጋለሁ። አር1ቢ ቢወጣ ወደ አውሮፓ፣ ኤ-ኤም13 ቢወጣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በግልጽ ያመለክታል። አስቸጋሪው ኢ-ኤም78 የሚል አጭር ውጤት ሲመጣ ነው፤ ይህ ግንድ በኢትዮጵያም በደቡብ ኢጣሊያም ይገኛልና። ቅርንጫፉ ኢ-ቪ13 ከሆነ ነገሩ ወደ ባልካንና ኢጣሊያ፣ ኢ-ቪ32 ከሆነ ወደ አፍሪካ ቀንድ ያዘነብላል። ስለዚህ እስከ ታችኛው ቅርንጫፍ የሚዘልቅ ምርመራ ይምረጡ።

ሰብለ፦ አጎቴ እንግዲህ አይጠቅሙኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ታደሰ
እንዲያውም በአውቶሶማሉ በጣም ይጠቅማሉ። ከእርስዎም ከአዳማው ወንድምዎም ጋር የሚዛመድ፣ ከአጎትዎ ጋር ግን የማይዛመድ ሰው በመርማሪው ድርጅት መዝገብ ከተገኘ፣ በወንድ አያትዎ በኩል የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ሆኖም አጎትዎ የሴት አያትዎን ዘረመል የያዙት በግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ተዛማጅ ብቻ አይደምድሙ።

መልስ፦ ዮናስ
ስለ ወረቀቱ ልጨምር። የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው ሕግ ጣሊያናውያን ከቅኝ ግዛቱ ሴቶች የወለዷቸውን ልጆች በሕግ እንዳይቀበሉ ይከለክል ስለነበር፣ በመዝገብ አለመገኘቱ የሴት አያትዎን ቃል ሐሰት አያደርገውም። ስም ለማግኘት ያለዎት ተስፋ ከጣሊያን ወገን ቀድሞ የተመረመረ የቅርብ ተዛማጅ መገኘቱ ነው። ደግሞም ውጤቱ ስለ አዳማው ወንድምዎ አባትም የሚናገር ነውና፣ የመመርመሪያ ዕቃውን ከመላክዎ በፊት ምን ሊወጣ እንደሚችል በግልጽ ነግረው ፈቃዳቸውን ይጠይቁ።