ትንሽ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ጎንደር ላይ ሳይንስ ክፍል ቢከፍት ላብራቶሪው (ላቡ) የራሱ ይሁን ወይስ የኪራይ?

ጥቁር ሰሌዳ (አወያይ)፦
የዚህ ሳምንት ክርክር ይህ ነው። ቤተ እምነት የሚያስተዳድረው፣ ተማሪው ከጥቂት መቶ የማይዘል ዩኒቨርሲቲ ጎንደር ላይ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ልክፈት ቢል የራሱን ላብራቶሪ ይሥራ ወይስ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ በሰዓት ይከራይ? አንዱ ወገን «ላብ የሌለው ሳይንስ ክፍል ሰንበት ትምህርት ቤት ነው» ይላል። ሌላው «ለብልቃጥ የሚከሰከሰው ገንዘብ ለድሃ ተማሪ ይዋል» ባይ ነው። እምነትን ከእምነት ማወዳደር ክልክል ነው። ቁጥር ያለው ይምጣ።

ቡሬት፦
እኔ ለኪራይ ነኝ። ይቺ ከተማ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ናት፤ ላብ ብርቋ አይደለም። ዋናው ምክንያቴ ግን ውሃ ነው። በሰዓት 4 ሊትር የተጣራ ውሃ የሚያወጣው የተለመደው ዲስቲለር 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል፤ ይህስ ይሁን። እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ግን በሰዓት 50 ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ ይወስዳል። አንዷን ሊትር ለማግኘት አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሊትር መድፋት ነው። የከተማዋን የውሃ ግድብ አንገረብን ደለል ባስቸገረበት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ማን ይችለዋል? ውሃው መሀል ላይ ቀጥ ካለ ደግሞ ማሞቂያው ደርቆ ይነዳል። በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ የሌለውን ርካሹን የገዛ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይሰናበተዋል።

ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። ፈተናው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ምርጫ ነው፤ ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥበውን የመስታወት ቱቦ) አያስይዝም። ትንሽ ተቋም ያለችውን ብር ጥሩ መምህር ላይ ያውላት።

የቀሃ ልጅ፦
ወንድሜ ቡሬት፣ ስምህና አቋምህ ተጣሉ እኮ።

ማቀዝቀዣውን ውሃ ድፋው ያለህ ማን ነው? ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ነው። በጎማ ወደ ሮቶ መልሰውና ዕቃ እጠብበት። ዕቃ በሳሙና፣ ቀጥሎ በቧንቧ ውሃ ይታጠባል፤ የተጣራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም አምስት አምስት ሚሊ ሊትር እያሽከረከሩ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ብቻ። 24 ተማሪ ላለው ክፍል በሳምንት 40 ሊትር ተርፎ ይተርፋል። ያ የአሥር ሰዓት ሥራ ነው፤ ውሃና መብራት በገጠሙበት ሌሊት እየተሠራ በጀሪካን ይቀመጣል።

ስለ ብልቃጡ ገንዘብ ደግሞ እናስላው። ውዱን ሲልቨር ናይትሬት ውሰድ። በድሮው ማኑዋል ተማሪው በሙከራ ቱቦ 5 ሚሊ ሊትር ያፈሳል። 24 ተማሪ፣ 120 ሚሊ ሊትር፤ በ0.1 ሞላር ጥንካሬ 2 ግራም ጨው። በጠብታ ሲሠራ 5 ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ነው። ክፍሉ በሙሉ 6 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል፣ ከጨው አንድ አሥረኛ ግራም። ሃያ እጥፍ ቅናሽ ማለት ነው። ነጩ ዝቃጭ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ በጠብታም ቢሆን ወለል ብሎ ይታያል። የትናንሽ ተቋማት ችግር ድህነት ብቻ አይደለም፤ የትልልቆቹን ማኑዋል እንዳለ መገልበጥም ነው።

ፈተናው ቡሬት አያስይዝም ላልከው፣ ቡሬት የያዘ ይመልሰዋል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለምን ፕራይመሪ ስታንዳርድ (ተመዝኖ የሚታመን መለኪያ) እንደማይሆን በቃል የሸመደደ ልጅ ይረሳዋል። ፍሬዋ ሚዛን ላይ እርጥበት እየሳበች ቁጥሩ አልቆም ሲለው ያየ ግን አይረሳም። 4 ግራም መዝኖ ሊትር ሞልቶ «0.1 ሞላር ሠራሁ» ይላል። ከዚያ መለኪያ በሚሆነው አሲድ፣ 0.4 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ላይ ሲያንጠባጥብ 19.6 ሚሊ ሊትር ላይ ሮዝ መሆን የነበረበት 20.5 ላይ ይሆንበታል። የእሱ 0.1 ለካ 0.0955 ነው። ይህን ስላይድ አያስተምርም።

ፔትሪ ዲሽ፦
ሁለታችሁም የምታወሩት በሦስት ሰዓት ስለሚያልቅ ኬሚስትሪ ነው። እኔ ልጨምርላችሁ፤ ማይክሮባዮሎጂ በሰዓት አይከራይም። ሰኞ 28 ግራም ኑትሪየንት አጋር (የባክቴሪያ ምግብ) በሊትር ታፈላለህ፣ ከዚያ 50 ሳህን ይወጣል። ማክሰኞ ትዘራለህ። ረቡዕ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት ሲሞላው ታነባለህ። ኪራይህ ማክሰኞ ከሰዓት ብቻ ከሆነ ረቡዕ በሩን የሚከፍትልህ ማን ነው? በዓልም አለ። ጥር 9 የተዘራ ሳህን በጎንደር የጠፋ ሳህን ነው። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ፤ ከተማው ሁሉ ፋሲል መዋኛ ነው። ኢንኩቤተር ውስጥ አራት ቀን የቆየው የባክቴሪያ ኮሎኒ ተደራርቦ አይቆጠርም። በራስህ ላብ አንድ ሰው ከተራ ጠዋት ገብቶ ሳህኖቹን 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ቢያደርጋቸው ከበዓሉ በኋላም ይነበባሉ።

ግን «የራሳችን ላብ» ባዮችም አትፎክሩ፤ አብዛኛው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ድስት) እዚህ በስህተት ቢነዳ አይገርመኝም። ማኑዋሉ «15 ፒኤስአይ ግፊት፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ያ የባሕር ጠረፍ ሂሳብ ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጭው አየር 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው እንጂ 101 አይደለም። መርፌው 15 ላይ ቆሞ ውስጡ 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ 18 ተኩል ገደማ ማንበብ አለበት። ለዚያውም አየሩ መጀመሪያ ተነፍሶ ከወጣ ነው። እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ አምስት አሥር ደቂቃ ሳይወጣ ቫልቩን የዘጋ ሰው አየርና እንፋሎት ቀላቅሎ ግፊት ብቻ እያየ ነው።

ቡሬት፦
እህቴ፣ ቫልቩ 15 ላይ የሚተነፍስ ከሆነስ? የምድጃ ላይ አውቶክሌቭ ብዙው እንደዚያ ነው። ክብደት ይጨመርበት ልትዪ ነው?

ፔትሪ ዲሽ፦
በፍጹም! ቫልቭ ላይ ክብደት መጨመር ማለት ቦምብ መሥራት ነው። ግፊቱን ተወውና ጊዜውን አርዝመው። በየ10 ዲግሪው የጀርም መግደያው ጊዜ አሥር እጥፍ ስለሚለዋወጥ፣ በ4 ዲግሪ መውረድ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። 15 የነበረው ወደ 40 ደቂቃ ይወጣል። ጉዳቱ ስኳር ያለበት ሚዲያ (የባክቴሪያው ምግብ) መጥቆሩ ነው፤ ስኳሩን ለብቻ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፈህ በኋላ ትቀላቅለዋለህ። ዕቃው ላይ የሚለጠፈው የአውቶክሌቭ ቴፕ መስመር ጠቆረ ብለህም አትመን፤ እሱ ሙቀት እንደነካው እንጂ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋመው የባክቴሪያ ዘር) እንደሞተ አይናገርም።

ውሃም እዚህ በ93 ዲግሪ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው በዚህ ነው።

ዘአዘዞ፦
ቆሻሻውን ማንም አላነሳም። የራሱ ላብ ያለው የራሱ መርዝ አለው። ሲንክ ውስጥ የሚደፋው በመጨረሻ ወደ ቀሃ ወንዝ እንደሚሄድ የቀሃ ልጅ ከስሙ ያውቀዋል። አሲድና ቤዝ ቀላል ነው፤ ፒኤቹ ከ6 እስከ 9 ውስጥ እስኪገባ አቀላቅሎ መድፋት ይቻላል። መርዛማው የክሮሚየም ጨው ዳይክሮሜት ግን እንዲህ አይደፋም። ፒኤቹን ወደ 2 እና 3 አውርዶ፣ ብርቱካናማው አረንጓዴ እስኪሆን ሶዲየም ባይሰልፋይት መጨመር፤ ከዚያ በኖራ ወደ 8 እና 9 ማንሳት። አረንጓዴ ጭቃ ይዘቅጣል። ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ስም ተለጥፎበት በርሜል ይገባል። በርሜሉን የሚረከብ እስኪገኝ ድረስም ዓመታት ጥግ ላይ ይቀመጣል። የሚያዋጣው ማኑዋሉ ውስጥ ክሮሜትና ሜርኩሪ ጨርሶ እንዳይኖሩ ማድረግ ነው።

ፊዩም ሁድም (መርዛማ ጭስ ስቦ የሚያወጣው ሳጥን) አለ። አፉ 1.2 ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር እንዲገባ በሰዓት 860 ሜትር ኩብ የሚስብ ማራገቢያ ይፈልጋል። የወጥ ቤት ማራገቢያ ገጥሞ «ሁድ አለን» ማለት ማታለል ነው፤ ሞተሩ በአሲድ እንፋሎት መሀል ተቀምጦ ይበሰብሳል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጭሱ ወደ ተማሪው ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ መብራት ከጠፋ ምድጃውን አጥፍቶ፣ መስታወቱን ወደ ታች ዘግቶ መውጣት ነው።

ቀሲስ ኬሚስት፦
ልጆቼ፣ የክርስቲያን ተቋም መሆኑን ረስታችሁት ነው እንጂ ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም ሲታከል፣ ብዙው ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። ኪራይ ላብ የሚለቀቀው ባለቤቱ ሲጨርስ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ባዶ ሆድ ላይ ኤተርና አሞኒያ ማሽተት ራስን ያዞራል፤ የወደቀ ልጅ ደግሞ ከነቢከሩ ነው የሚወድቀው። በጾም ቅዳሴው ራሱ ከቀትር በኋላ ነው። የራሱ ላብ ያለው ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ጠዋት ያደርገውና ሁለቱንም ያስታርቃል።

ዘአዘዞ፦
ቀሲስ፣ ይፍቱኝና እርስዎ ያሉት ለኦርቶዶክሱ ተቋም ነው። ወንጌላዊ ወይም ካቶሊክ ቢሆንስ ሰዓቱ ይለወጣል?

ቀሲስ ኬሚስት፦
ተማሪው ያው የጎንደር ልጅ ነው። ተቋሙ የማንም ቢሆን ከክፍሉ ግማሹ ሊጾም ይችላል። ጠዋት ማድረግ ማንንም አይጎዳም።

ማራኪ ማዶ፦
ኢቮሉሽንስ? ላቡን ተዉትና እሱን ያስተምራሉ ወይ?

የቀሃ ልጅ፦
የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ተማሪው ተምሮት ነው የሚመጣው። ለብቻው ርዕስ ይከፈትለት፣ እዚህ ከጀመርነው አውቶክሌቩ ይረሳል። የሃይማኖት ሰውና ሳይንስ ከተባለ ግን አንድ ነገር ልበል። ሁሉም «ሜንዴል መነኩሴ ነበር» ይላል። ገዳሙ አተር የሚዘራበት መሬት ግቢው ውስጥ እንደሰጠው የሚያነሳ የለም። መሬቱን በሰዓት አልተከራየም።

ቡሬት፦
እሺ፣ በሜንዴል ረታኸኝ። ግማሽ መንገድ እመጣለሁ። የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ላብ፣ ሚዛን፣ ቡሬት፣ ማይክሮስኮፕ፣ አውቶክሌቭ የራስ ይሁን። ፈሳሽ የሚውጠውን የሚታይ ብርሃን ብቻ የሚለካ ስፔክትሮፎቶሜትርም ከስታቢላይዘር ጋር ይጨመር። ብረታ ብረትን የሚለካው አቶሚክ አብዞርፕሽን ማሽን ግን ይከራይ፤ አሴቲሊን ይፈልጋል፣ በመደበኛው ማሽን ለየንጥረ ነገሩ የየራሱ መብራት አለው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚነካ ዕቃ ማን ይገዛዋል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ ከዕቃው በፊት ቴክኒሻኑ ይቀጠር። ሪኤጀንቱን (ኬሚካሉን) በጠባዩ ሳይለይ ደርድሮ ናይትሪክ አሲድን ከአሴቶን ጎን የሚያስቀምጥ ሰው ካለ የራስህ ላብ የራስህ እሳት ነው።

ፔትሪ ዲሽ፦
ተስማማሁ። ያው ሰው ነው የ100 እጥፉን ሌንስ ዘይት በሌንስ ወረቀት የሚጠርገው። እሱ ከሌለ ተማሪው በጋቢው ጠርጎ 40 እጥፉንም በዘይት ይለቀልቀዋል።

ዘአዘዞ፦
አንድ ቴክኒሻን፣ አንድ ቁልፍ። የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ወይም የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ባሕር ዳር ሲሄድ ላቡን የሚከፍተው ማን ነው?

ቡሬት፦
እኔስ ለዚህ አልነበር ኪራይ ያልኩት።