ፓይተንን ከ3.8 ወደ 3.12 ማሳደግ፦ የዶከር ቢልዱ እምቢ አለ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። የእህል መጋዘን ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ሲስተም አለን፤ ጃንጎ 4.2 (የድረ ገጽ መሥሪያ)፣ ሳይኮፒጂ2 2.9.5 (ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ)፣ ኑምፓይ 1.24.4 (ለቁጥር ስሌት)። ዶከርፋይሉ (ዶከር ሲስተሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ኢሜጅ በሚባል አንድ ጥቅል የሚገነባበት የትእዛዝ ፋይል) ሁለት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው ፓኬጆችን ይገነባል፣ ሁለተኛው ሳይት-ፓኬጅስን (የፓይተን ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ፎልደር) ብቻ ቀድቶ ይሠራል። ሁለቱም 3.8-ስሊም-ቡስተር በሚባለው የፓይተን መነሻ ኢሜጅ ላይ ናቸው። የፓይተን 3.8 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ስላበቃ ወደ 3.12 መውጣት ፈለግን።

ቁጥሩን ብቻ ስቀይር «ማኒፌስት ኖት ፋውንድ» (እንዲህ ያለ ኢሜጅ የለም) አለኝ። ቡስተር የሚለውን አጥፍቼ 3.12-ስሊም ሳደርገው ኢሜጁ ወረደ፤ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ ጫኚው) ግን ኑምፓይ ላይ ሲደርስ «ኖ ሞጁል ኔምድ ዲስትዩቲልስ» (ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም) ብሎ ቆመ። ሴትአፕቱልስን (ፓኬጅ መገንቢያውን) ቀድሜ ብጭንም ለውጥ የለም። የመጀመሪያውን ደረጃ ወደ 3.8 መልሼ ሁለተኛውን 3.12 ላይ ስተወው ቢልዱ አለቀ፤ ኮንቴይነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው) ሲነሳ ግን «ሳይኮፒጂ2._ሳይኮፒጂ» የሚባል ሞጁል የለም ብሎ ወደቀ። የት ላይ ነው የሳትኩት?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ ሦስቱ ስህተቶች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ቡስተር ደቢያን የሚባለው ሊኑክስ 10ኛ ስሪት ነው፤ ፓይተን 3.12 በኦክቶበር 2023 ሲወጣ ይፋዊው ኢሜጅ ቡስተርን ትቶት ስለነበር እንዲህ ያለ ታግ (የኢሜጅ ስሪት ስም) የለም። ግን 3.12-ስሊም ብለህም አትተወው። የደቢያን ስም የሌለው ታግ አዲስ ደቢያን ሲመጣ ወደዚያ ይዞራል፤ አንድ ቀን ማንም ምንም ሳይነካ አፕት-ጌት (የደቢያን ፓኬጅ ጫኚ) የሚጭናቸው ፓኬጆች ተቀይረው ታገኛቸዋለህ። 3.12-ስሊም-ቡክወርም (ቡክወርም ደቢያን 12 ነው) ብለህ እሰረው።

የዲስትዩቲልሱ ነገር ብዙ ሰው የሚደክምበት ስለሆነ ረጋ ብለህ አንብበው። ዲስትዩቲልስ የሚባለው የድሮ ፓኬጅ መገንቢያ ከ3.12 ጀምሮ ከፓይተን ወጥቷል። አንተ ሴትአፕቱልስን ብትጭንም ያልረዳህ፣ ፒፕ ዊል (ተገንብቶ ያለቀ ፓኬጅ) ያላገኘለትን ፓኬጅ ሲገነባ ለብቻው ጊዜያዊ አካባቢ ስለሚከፍት ነው። እዚያ የሚገባው አንተ የጫንከው ሴትአፕቱልስ ሳይሆን ፓኬጁ ራሱ በፋይሉ የጠየቀው ነው። ኑምፓይ 1.24 የሚጠይቀው 59.2.0ን ነው፤ ያ ደግሞ ዲስትዩቲልስን የሚፈልገው ከፓይተኑ ነው። ስለዚህ ኑምፓይን ወደ 1.26.4 ከፍ አድርገው። ለ3.12 የተዘጋጀ ዊል ስላለው ምንም መገንባት አያስፈልገውም።

ሌሎቹን አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ ፒፕን «--ኦንሊ-ባይነሪ=፡ኦል፡» ብለህ አስነሳው። ዊል የሌለው ፓኬጅ ጋ ሲደርስ ጂሲሲን (የሲ ኮድ መገንቢያውን) ሳይጠራ ወዲያው ይቆማል። ሳይኮፒጂ2 ለሊኑክስ ዊል ስለማያወጣ እሱን በ«--ኖ-ባይነሪ» ለይተህ አውጣው፤ ስሪቱንም 2.9.9 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው፣ የ3.12 ድጋፍ የገባው እዚያ ላይ ነው።

መልስ (ከደነባ)

የሸዋ ሮቢቱ ያሉት ልክ ነው። ሦስተኛውን እኔ ልጨምር።

ሳይት-ፓኬጅስ ውስጥ ገብተህ የሳይኮፒጂ2ን ፎልደር ብትከፍት በሲ የተጻፈው ፋይል ስም «ሲፓይተን-38» የሚል ይዟል። ፓይተን 3.12 የሚፈልገው «ሲፓይተን-312» የሚለውን ነው፤ ሌላውን አያየውም። ጃንጎ ንጹህ ፓይተን ስለሆነ ተቀድቶም ይሠራል፣ ለዚህ ነው ቢልዱ ደህና የመሰለህ። ሁለቱ ደረጃዎች አንድ ስሪት መሆን አለባቸው፤ ድርድር የለውም።

እንዳይለያዩ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ፍሮም (መነሻ ኢሜጁን የሚጠራው መስመር) በላይ አንድ ጊዜ በአርግ (ዋጋ የሚይዝ መስመር) ጻፈው፣ ሁለቱም ፍሮሞች ከዚያ ይውሰዱ። ከፍሮም በላይ ያለ አርግ ግን በደረጃው ውስጥ አይታይም። ራን (ትእዛዝ የሚያስኬደው መስመር) ላይ ከፈለግከው ከፍሮም በታች ስሙን ብቻ ደግመህ አስገባ፤ አለበለዚያ ባዶ ሆኖ ያልፋል፣ ስህተትም አያወጣም። ሳይት-ፓኬጅስን በሙሉ አድራሻው መቅዳትም ተው። አድራሻው ውስጥ 3.8 ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጉኒኮርንን (ጃንጎን የሚያስነሳውን ሰርቨር) የመሰሉ ትእዛዞች ሌላ ፎልደር ስለሚቀመጡ ይቀራሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ኦፕት ሥር ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ፓኬጆቹና ትእዛዞቹ አብረው የሚቀመጡበት ለብቻው የተለየ ፎልደር) ፍጠር፣ እንዳለ ወደዚያው አድራሻ ቅዳው፣ ፓዝ (ትእዛዝ የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ አስቀድመው። አድራሻውን አትቀይረው፤ እዚያ ያሉት ትእዛዞች የመጀመሪያ መስመራቸው ላይ ሙሉ አድራሻውን ይዘዋል።

ጂሲሲና ሊብፒኪው-ዴቭ (ሳይኮፒጂ2ን ለመገንባት የሚያስፈልጉ የፖስትግሬስ ፋይሎች) መጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቅሩ፤ ሁለተኛው ላይ ሊብፒኪው5 ግን የግድ ነው። ካልጫንከው «ሊብፒኪው.ኤስኦ.5»ን መክፈት አልቻልኩም ብሎ ይወድቃል። ቡስተር ከቡክወርም ጋር ተቀላቅሎ እንዳይቀርም ሁለቱንም ፍሮሞች እያቸው።

ቴስቱን በ3.12 ስታስኬድ የዲፕሪኬሽን (ወደፊት ይወጣል የሚሉ) ማስጠንቀቂያዎችን ወደ ስህተት ቀይራቸው። የራሳችሁ ኮድ ውስጥ «ኮሌክሽንስ.ማፒንግ» ወይም «ኢምፕ» ካለ ቶሎ ይገኛል፤ የመጀመሪያው በ3.10፣ ሁለተኛው በ3.12 ወጥተዋል። ጃንጎ 4.2 ድጋፉ እስከ ኤፕሪል 2026 ነበርና 3.12 ላይ ከተረጋጋችሁ በኋላ ወደ 5.2 ሂዱ። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ፤ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አይለይም። 5.2 ፖስትግሬስ 14 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ጠያቂው

እህቴ፣ ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተነሳ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ወደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ቅርንጫፎች ኢሜጁን በፍላሽ ነው የምናደርሰው። እዚያ የሚለወጥ ነገር አለ?

መልስ (ከደነባ)

ዶከር ሴቭ አድርገህ በጂዚፕ ጨምቀህ ውሰደው፣ እዚያ ዶከር ሎድ። ታጉን ግን የድሮውን አትድገም። በአንድ ስም ሁለተኛ ኢሜጅ ስትጭን አሮጌው ስሙን ያጣል፤ ሎድ ራሱ ይህንኑ ይነግርሃል። ከዚያ ሰው ዲስክ ለማጽዳት ዶከር ኢሜጅ ፕሩን ካለ መመለሻህ ጠፋ ማለት ነው። «መጋዘን፡ፓይ312» እና «መጋዘን፡ፓይ38» ብለህ ለይ።

ቢልዱን የምትሠራው ኤም ቺፕ ባለው ማክ ከሆነ ፕላትፎርሙን ሊኑክስ/ኤኤምዲ64 በለው፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ይላል።

ቢልዱ ራሱ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ከፈለግክ ዊሎቹን «ፒፕ ዊል» ብለህ በዚያው 3.12-ስሊም-ቡክወርም ኮንቴይነር ውስጥ አዘጋጅ። ለሳይኮፒጂ2 ጂሲሲና ሊብፒኪው-ዴቭ እዚያ ያስፈልጉሃል። በላፕቶፑ ላይ ባለው 3.8 ካዘጋጀሃቸው ለ3.8 የሆኑት ይመጡልህና ቅርንጫፉ ላይ «ኖ ማቺንግ ዲስትሪቢዩሽን» ይልሃል።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

አውቶማቲክ ቢልድ በያምል (ቅንብር የሚጻፍበት) ፋይል ካላችሁ የፓይተኑን ቁጥር በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገው። 3.12 ያለ ጥቅስ ይሠራል፤ 3.10 ግን 3.1 ተብሎ ይነበባል።