«ለትምህርት እስከሆነ ድረስ» ስንት ገጽ ነው?

ጥራዝ ከፒያሳ፦
አንድ መምህር ለክፍሉ በከፈተው የቴሌግራም ቻናል ላይ ባለ 300 ገጽ የአማርኛ የምርምር ዘዴ መጽሐፍ ሙሉውን በፒዲኤፍ ለቋል። ከሥሩ «ለትምህርት እስከሆነ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ፌር ዩዝ ነው» ብሎ ጽፎበታል፤ ያለ ፈቃድ የሚደረግ ተገቢ አጠቃቀም ነው ማለቱ ነው። መጽሐፉ ዛሬም መደርደሪያ ላይ አለ፤ ደራሲውም በሕይወት ያለ ያገራችን ሰው ነው። ይህን የሚፈቅደው የትኛው ሕግ ነው? አንቀጹን የሚያውቅ ይጥቀስ።

የማራኪ ልጅ፦
አንቀጽ 11፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። የታተመን ሥራ ለማስተማር ዓላማ ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም፤ ክፍያም የለበትም። የጻፍኩት የሕጉን ቃል ነው፣ ከኪሴ አላመጣሁትም። መምህሩ ምን አጠፋ?

ሕግ አንባቢ፦
ንዑስ አንቀጽ 1ን አንብበህ እዚያው ቆመሃል። ንዑስ 2 የሚባዛው መጠን ከተገቢ አሠራር ያልወጣና ዓላማው ከሚጠይቀው ያላለፈ እንዲሆን ያዝዛል። ንዑስ 3 ደግሞ በቅጂው ላይ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀስ ይላል። ሦስቱ አብረው ነው የሚነበቡት። አንድ ሴሚስተር ላይ ስለ ናሙና አወሳሰድ ለማስተማር 300 ገጽ ምን ያደርጋል?

ሌላም አለ። «ፌር ዩዝ» የሚባል ነገር በእኛ አዋጅ ውስጥ የለም። እሱ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ሕጋቸው ክፍል 107 ላይ አለ። ዳኛው አራት ነገር ይመዝናል፦ የአጠቃቀሙን ዓላማ፣ የሥራውን ባሕርይ፣ የተወሰደውን መጠን፣ ገበያው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት። የእኛው ግን ዝርዝር ነው። አንቀጽ 9 ለግል፣ 10 ለጥቅስ፣ 11 ለማስተማር፣ 12 ለቤተ መጻሕፍት። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ነገር የደራሲውን ፈቃድ ይጠይቃል።

የማራኪ ልጅ፦
እሺ፣ በስሙ አልከራከርም። ግን «ለትምህርት» የሚለው ቃል አንቀጹ ውስጥ አለ ወይስ የለም?

ሕግ አንባቢ፦
አለ። «እስከሆነ ድረስ» የሚለው ግን የለም። የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ።

አዘዞ፦
ሁለታችሁም ተማሪውን ረሳችሁት። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ የመጽሐፍ ዋጋ በየጊዜው ይወጣል። ፎቶኮፒ ቤት ደግሞ ሁለት ገጽ ባንድ ፊት፣ ግራና ቀኝ ከተነሣ 300 ገጹ 75 ወረቀት ነው። ከስፓይራሉ ጋር ተደምሮ ከሱቁ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ምሳውን ዘሎ የሚማር ልጅ ምን ያድርግ ትሉታላችሁ?

ጥራዝ ከፒያሳ፦
75ቱ ወረቀት ለምን እንደሚረክስ አብረህ ተናገር እንጂ። ማተሚያ ቤት 500 ቅጂም አተምክ 5,000 የገጽ ቅንብሩ፣ የፕሌቱ፣ የማሽን ማስተካከያው ወጪ ያው ነው። ቅጂው ሲያንስ ያ ሁሉ ወጪ በጥቂት መጽሐፍ ላይ ይወድቃል። ፎቶኮፒ ቤቱ የአርታኢም የፕሌትም የደራሲም ክፍያ የለበትም፤ የሌላ ሰው ወጪ ላይ ቆሞ ነው የሚያረክሰው። ተማሪው በኮፒው በሄደ ቁጥር የሚታተመው ቅጂ ያንሳል፣ ዋጋው እንደገና ይወጣል፣ ሌላው ተማሪም ተከትሎ ወደ ኮፒው ይሄዳል።

የማራኪ ልጅ፦
አንቀጽ 9 ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ ማንሣት ይፈቅዳል። ተማሪው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሕግ አንባቢ፦
ያው አንቀጽ ንዑስ 2 ላይ መጽሐፍን ሙሉውን ወይም አብዛኛውን በፎቶኮፒ ማባዛት በፈቃዱ አይሸፈንም ይላል። ደግሞ ሱቆቹ እንዴት እንደሚሠሩ ተመልከት። አንድ «ማስተር» ቅጂ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል ወይም ኮምፒውተሩ ላይ በኮርስ ስም ይጫናል፤ ተማሪ በመጣ ቁጥር ይታተማል። ያንን ማስተር የያዘው ሰው ለግሉ አላነሣውም፣ አይማርበትምም። አንድ ክፍል 40 ተማሪ ካለው 40 ቅጂ ሸጧል፤ ይህ ኅትመት ነው።

አዘዞ፦
ዴልሂስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኦክስፎርድና ካምብሪጅ አሳታሚዎች ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባለ ፎቶኮፒ ቤት ላይ ያቀረቡትን ክስ ውድቅ አድርጓል። የኮርስ ጥራዝ ለማስተማር ከሆነ ይፈቀዳል ብሏል። እነሱም ድሃ አገር ናቸው፣ እኛም ድሃ አገር ነን።

ሕግ አንባቢ፦
ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ሙሉውን ተናገር። እዚያ የተጠረዘው መምህራን ለኮርሱ ብለው ከተለያዩ መጻሕፍት የመረጡት ምዕራፍ ነበር። አንድን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንሣት ሌላ ነገር ነው። የዴልሂው ፍርድ እኔ ከምለው ጋር ነው የሚሄደው።

የበአታ ተማሪ፦
እርስዎ የሚሉት ቢሆን ኖሮ ጽሑፍ አልባ በሆንን ነበር።
አባቶች መጽሐፍ ሲገለብጡ ማን ከለከላቸው? አቋቋሙ ከጎንደር በአታ ወጥቶ አገር የሞላው፣ ድጓው ከደብር ደብር የሄደው በመቅዳት ነው። ዕውቀት ሲቀዳ አይጎድልም። አሁን ፒዲኤፍ ሲሆን ነው ሌብነት የሆነው?

ጥራዝ ከፒያሳ፦
በዚያው ብራና ጀርባ የተጻፈውንስ አታነቡትም? «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» ይላል። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ነው ቃሉ።

የበአታ ተማሪ፦
ግዝቱ መጽሐፉን ለሰረቀ ነው፤ ለቀዳ አይደለም። እንዲያውም የቀዳ ይመረቃል፣ ያስጻፈ ይመረቃል። ልዩነቱን ያስቀመጡት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ልክ ብያለሁ?

ሕግ አንባቢ፦
ልክ ብለሃል፣ ግን ሁለት ነገር ቀርቶሃል። ቁም ጸሐፊው እንደ ደንቡ ተከፍሎት ነው የሚጽፈው፤ ብራናው ይገዛል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ያስጻፈው ሰው ወጪውን ይችላል። ደግሞ ስም አይፋቅም። «ወዘፈሐቆ» ያለው ያለ ነገር አይደለም። በስልክ ስካን ሲያደርጉ ከምዕራፍ 1 ስለሚጀምሩ የርዕሱ ገጽና የመብቱ ገጽ ይቀራል፤ ፋይሉ «ሪሰርች ሃንድአውት» ተብሎ ይዞራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህ በአንቀጽ 8 የሞራል መብትን፣ ማለትም ሥራው በስሙ እንዲታወቅ ያለውን መብት፣ መንካት ነው። አንቀጽ 34 ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው ካሳ ደግሞ ከ100,000 ብር አያንስም።

የማራኪ ልጅ፦
እንግዲያው የሕክምና ተማሪዎቹስ? ሁሉም የሚያነቡት የውጭ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ነው። ስለሱ አንድም ሰው አይጮኽም።

ሕግ አንባቢ፦
ምክንያቱ አንቀጽ 3 ነው። አዋጁ የሚጠብቀው የኢትዮጵያዊን ወይም ነዋሪነቱ እዚህ የሆነን ደራሲ ሥራ፣ መጀመሪያ እዚህ የታተመን፣ ወይም ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም የታተመን ሥራ ነው። ለንደን ታትሞ የቀረ መጽሐፍ እዚህ ውስጥ አይገባም። ጉዳቱን አየኸው? ገበያው ሰፊ የሆነው የውጭ አሳታሚ ከሕጉ ውጭ ነው፤ ሕጉ የቆመው 1,000 ቅጂ ሸጦ ለማይጨርሰው ላገራችን ደራሲ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱን እኩል እንገለብጣለን። በአማርኛ የሚጽፍ መምህር ሲጠፋ «ለምን በቋንቋችን መጽሐፍ የለም» እንላለን።

አዘዞ፦
ይህ ለኔም አዲስ ነው፣ እቀበላለሁ። ነገር ግን ማየት የተሳነው ተማሪ ሙሉውን መጽሐፍ ካላነሣ በድምፅ አያደምጠውም። እሱም ደራሲን ገፈፈ ልትሉ ነው?

ሕግ አንባቢ፦
በፍጹም። የማራካሽ ስምምነት ለዚህ ነው የተፈረመው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 ገብታበታለች። ሙሉ መጽሐፍ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ ይቀየራል፣ ተጠቃሚው ግን ማንበብ የተሳነው ሰው ብቻ ነው። ያንኑ ፋይል ለክፍሉ ሁሉ ማሰራጨት ከስምምነቱ ይወጣል።

ጥራዝ ከፒያሳ፦
ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ደራሲው ፋይሉን ማስወረድ ከፈለገ ምን ያድርግ?

ሕግ አንባቢ፦
ለቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ ይልካል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቻናሉን ስም ብቻ ልኮ ነው፤ ፋይሉ ያለበትን መልእክት ሊንክ አንድ በአንድ መላክ አለበት። መልእክቱን ተጭኖ «ኮፒ ሊንክ» የሚለውን ነው። ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት፣ የመጽሐፉ የመብት ገጽ ፎቶ፣ ከአሳታሚው ጋር ያለው ውል ይያያዝ። ፋይሉ ከመውረዱ በፊት ስክሪንሾቱን ያስቀምጥ፤ ከወረደ በኋላ ማስረጃ የለም። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መመዝገብ ለማስረጃ ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና በጽሑፍ ከሰፈረ ጥበቃው ከተፈጠረበት ጊዜ ይጀምራል። ችግሩ አቤቱታው የሚሠራው በወል ቻናል ላይ ላለው መሆኑ ነው። በግል ግሩፕ የተላለፈውን ደራሲው ራሱ አያየውም፤ ስለዚህ አንዱ ቢወርድ ፎርዋርድ የተደረገው ይቀራል።

የማራኪ ልጅ፦
መምህሩን ከመክሰስ መንገድ ብታሳዩት አይሻልም?

ሕግ አንባቢ፦
መንገዱማ አለ። የሚያስተምረውን ክፍል ብቻ ያንሣ። በየቅጂው ላይ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ገጽ ይጻፍ። የወል ቻናል ላይ ሳይሆን የኮርሱ ተማሪዎች ብቻ በሚገቡበት ያኑረው፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያውርደው። ቀሪውን ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ያንብብ፤ 5 ቅጂ እንዲገዛ ማስጠየቅ የመምህሩ ሥራ ነው። ለጤና ኮርስ ሂናሪ (የዓለም ጤና ድርጅት የጥናት ጽሑፎች ማግኛ) አለ፣ ለመሠረታዊ ኮርሶች ኦፕንስታክስ የሚባለው አሳታሚ በነጻ ፈቃድ ያወጣቸው መጻሕፍት አሉ።

አዘዞ፦
ቤተ መጻሕፍቱ 5 ቅጂ ለ200 ተማሪ? ግዢው ዓመት ይፈጃል። ወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ መፍትሔ አታምጡ።

ጥራዝ ከፒያሳ፦
ዓመት ስለሚፈጅ ደራሲው ይክፈል ማለት ነው?

አዘዞ፦
አላልኩም። ቃሌን አታጣምም።

የማራኪ ልጅ፦
ቁርጡን ንገሩኝ። 10 በመቶ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ልክ ነው?

ሕግ አንባቢ፦
አዋጁ ውስጥ በመቶ የሚባል የለም። ለዚያ ትምህርት የሚያስፈልገው ምን ያህል ነው የሚለው ነው መለኪያው።

የማራኪ ልጅ፦
መምህሩ ፒዲኤፉን አውርዶ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ቢለጥፍስ?

ጥራዝ ከፒያሳ፦
መጽሐፉ ስንት ምዕራፍ እንዳለው ታውቃለህ?

የማራኪ ልጅ፦
ስድስት።

ጥራዝ ከፒያሳ፦
ሲሶውን ነዋ!

የማራኪ ልጅ፦
ኮርሱ ሁለቱን ምዕራፍ ሙሉውን ካስተማረስ? ሕግ አንባቢ፣ አንተ መልስልኝ፤ እሱ ሻጭ ነው።

ጥራዝ ከፒያሳ፦
ሻጭ መሆኔ ሕጉን ይቀይረዋል እንዴ?