ስኖው ላይ በእግር መሄድ፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ይበቃኛል ወይ?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥምቀት በኋላ ባለቤቴ ወዳለበት አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ልሄድ ነው። እሱ ሌሊት ነው የሚሠራው፣ መኪናዋንም ይዟት ይወጣል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤትም ሱቅም በእግሬና በአውቶቡስ ነኝ። ሰው ሁሉ «ብርዱን አትችይውም» ይለኛል። ተወልጄ ያደግሁት እኮ ደብረ ብርሃን ነው! በኅዳርና በታኅሣሥ ሳሩ አመዳይ ለብሶ እያየሁ ነው ከጠባሴ መሀል ከተማ የተመላለስኩት። የምፈራው ብርዱን ሳይሆን መሬቱን ነው። ባለፈው ክረምት በረዶ ጥሎ አስፋልቱን ሲሸፍነው አንሸራቶኝ ገበያ መሀል ወድቄያለሁ፤ በእጄ የያዝኩትን እንቁላል ነገር አታንሱት። እዚያ ደግሞ አንዴ የወረደው ሳምንታት ይቆያል አሉ። ሰው እንዴት ነው የሚራመደው? ጫማስ ከዚህ ልግዛ?

አንድ መለኪያ፦

ጠዋት ጠዋት የደብረ ብርሃን አረቄ። ጫማም አያስፈልግሽ።

የመሃል ሜዳ ልጅ፦

እህቴ፣ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነኝ፤ ዘጠነኛ ክረምቴ ነው (ክረምት ስል የነሱን ነው፣ ታኅሣሥና ጥርን)። እኔም እንዳንቺ ጉራዬ ልክ አልነበረውም፤ ከጓሳ ደጋ ሥር ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሊነገረው ነው? በመጣሁ ሳምንት ስልኬን ባየው «10» ይላል። የደብረ ብርሃን ጠዋት ነው ብዬ በሸራ ጫማ ወጣሁ። ለካ በፋራናይት ኖሯል! የነሱ 10 ለኛ ከዜሮ በታች 12 ነው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጆሮዬ የራሴ መሆኑ አጠራጠረኝ። ከሁሉ በፊት ስልክሽን ወደ ሴንቲግሬድ ቀይሪው።

የኛ በረዶ እንደ ሽምብራ ቆርቆሮውን ደብድቦ ፀሐይ ስትወጣ ያልቃል። ይሄኛው፣ ስኖው የሚሉት፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ ነው የሚወርደው፣ ድምፅ የለውም፤ ጠዋት መጋረጃ ስትከፍቺ ነው የምታውቂው። አዲስ የወረደው ብዙ አይጥልም፣ እግርን ይይዛል። የሚጥለው ሰው ረግጦት የጠጠረው፣ ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋው ነው። ብላክ አይስ የሚሉት ደግሞ አለ፤ አስፋልቱን መስሎ ይተኛል፣ እርጥብ መሬት ይመስልሻል። ጨው ይበትኑበታል፣ ነገር ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ሲያልፍ ጨውም ይሰንፋል።

አረማመዱ፦ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ጉልበትሽን ላላ አድርጊ፣ ተረከዝሽን ሳታስቀድሚ መላ እግርሽን እንደ ዳክዬ አሳርፊ። እጅሽን ከኪስ አውጪ፤ ስትወድቂ የሚያስፈልግሽ እጅ ነው። ዕቃ በጀርባ ይሁን (እንቁላልም ቢሆን)። ሱቅ ስትገቢ በሩ ላይ ጫማሽን አራግፊ፤ እኔ ሰው ፊት የወደቅሁት ውጭ ሳይሆን የሱቅ ሴራሚክ ላይ ነው።

ማንም ያልነገረኝ የመንገዱን ማዕዘን ነው። በረዶ ጠራጊው መኪና የገፋውን ሁሉ መሻገሪያው ላይ ይቆልለዋል። ያንን ወጥተሽ ስትወርጂ ከታች ያለው ግራጫ ነገር መሬት ይመስላል። ውሃ ነው! እስከ ቁርጭምጭሚት። ሁለቴ ገብቼበታለሁ። ስለዚህ ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ቦቲ፣ እሱንም እዚህ ስትደርሺ ግዢ፤ በወፍራም ካልሲ ለክተሽ ሰፋ ያለውን። የጠበበ ጫማ እግር ያደነዝዛል። የጥጥ ካልሲ እዚያው ተዪው፣ አንዴ ከረጠበ አለቀ።

ሕጉ በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የመኖሪያ ቤት ባለቤት ደጁን ይጥረግ ይላል። የኛ ሰፈር ሁለት ሰነፎች ስላሉ እነሱ በር ላይ ስደርስ መንገድ እቀይራለሁ። መሀል ከተማ ስካይዌይ አለ፤ ሕንፃውን ከሕንፃ በፎቅ የሚያገናኝ በመስታወት የተዘጋ መተላለፊያ፣ ተደምሮ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኛ ሰፈር አይደርስም እንጂ ሌላ ምን ይፈለጋል!

አንድ መለኪያ፣ ቀልድህን ወድጄዋለሁ፤ እሷ ግን እንዳትሰማህ። አረቄ ቆዳን እያሞቀ የውስጡን ሙቀት ነው የሚያስወጣው።

ጋሼ ከጣርማበር፦

ልጄ፣ እኔ ያንን የአሜሪካ በረዶ አላየሁም። ዕድሜዬን ግን ከጣርማበር ደብረ ሲና ቁልቁል ገበያ ስወርድ ነው የኖርኩት። በነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለችው አህያ ጅራቷ ብቻ ነው የሚታይህ፣ ጭቃው ደግሞ ቅቤ ነው። አህያዋን እይ፤ አትቸኩልም፣ እግሯን ሳታደላድል ሌላውን አታነሳም። ይቺ የመሃል ሜዳ ልጅ የምትለው ያንኑ ነው። ኮፍያ ከኛ ውሰጂ። መንገድ ዳር ልጆቹ የበግ ፀጉሩን ይሸጣሉ።

የጠባሴዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት በሬሳ ወንዝ ዳር አመዳዩ ላይ እንደ ዳክዬ ስለማመድ እረኞች ሳቁብኝ። ቦቲውን እዚያ፣ ኮፍያውን ከጣርማበር ብያለሁ። ጋሼ፣ ስንት ይሉታል?

ጋሼ ከጣርማበር፦

ወደ አሜሪካ ልሄድ ነው እንዳትያቸው።