የድህረ ዶክትሬት ምርምር ቅጥር፦ በየትኛው ዘርፍ ላመልክት?

ጥያቄ (ከሀዋሳ)
የተከበራችሁ አባላት፣ አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ፣ በአካባቢ ምህንድስና፣ በኅብረተሰብ ጤናና በሌሎችም ዘርፎች የድህረ ዶክትሬት ተመራማሪዎችን ለመቅጠር ማስታወቂያ ያወጣ ሲሆን፣ አመልካች መወዳደር የሚችለው በአንድ ዘርፍ ብቻ ነው። የዶክትሬት ዲግሪዬ በኬሚስትሪ ነው፤ ጥናቴ ግን በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር) በከብት አጥንት ከሰል ማጣራትን የሚመለከት በመሆኑ ሦስቱም ዘርፎች የሚስማሙኝ ይመስለኛል። ማስታወቂያው ዶክትሬት ከተገኘ ከ5 ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የእኔ ዲግሪ የተሰጠው ሰኔ 20 ቀን 2014 ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1 (ከአዳማ፣ መምህር)
እህቴ፣ ዘርፉን በዲግሪዎ ስም አይምረጡ። የድህረ ዶክትሬት ተመራማሪ የሚቀጠረው የአንድን ተመራማሪ ቡድን ሥራ ወደፊት እንዲያራምድ ስለሆነ፣ በሦስቱም ዘርፎች የሚገኙትን ኃላፊዎች የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ያንብቡና የማጣሪያ ቁሶችን ወይም የመጠጥ ውኃን የሚያጠናውን ይለዩ። ከዚያም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም መሆኑን፣ በአካባቢያችን ከዚህ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለበት ውኃ የሚጠጣ ሕዝብ መኖሩንና የእርስዎ ማጣሪያ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚገልጽ አጭር ኢሜይል ለኃላፊው ይላኩ። የላኩት ለሁሉም የሚሆን ደብዳቤ ከሆነ መልስ አይጠብቁ፤ የጽሑፉን አንድ ግኝት ጠቅሰው በዚያ ላይ ምን መጨመር እንደሚችሉ ከጻፉ ግን የሚያነብዎ ሰው ያገኛሉ። እኔ በበኩሌ ወደ አካባቢ ምህንድስና አዘነብላለሁ።

መልስ 2 (ከሀዋሳ)
ቀኑን በተመለከተ አደራ እላለሁ። ሰኔ 20 ቀን 2014 በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 2022 ነው። የውጭ አንባቢ 2014ን እንደራሱ ዘመን ከወሰደው የጊዜ ገደቡ ካለፈ ቆይቷል ብሎ ማመልከቻዎን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በሲቪዎ ላይ የአውሮፓውን ቀን ብቻ ይጻፉ፤ ዲግሪው ላይ የኢትዮጵያው ቀን ብቻ ካለ ከሬጅስትራር ቀኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያያይዙ። ስምዎም በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በታተሙ ጽሑፎችዎ ላይ በተለያየ ቅደም ተከተል ከተጻፈ የኦርሲድ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ) ማውጣት ጽሑፎቹን በአንድ ስም ለመሰብሰብ ይረዳል። ሪኮመንዴሽን የሚጽፉልዎ ሰዎች የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸውን እንዲሰጡም ይጠይቁ፤ ጂሜይልን የማይቀበሉ ሥርዓቶች አሉ።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)
ከልብ አመሰግናለሁ። ከዲግሪዬ በኋላ ልጅ ወልጄ ለወራት ከምርምር ርቄ ነበር። ይህን መግለጽ ይጎዳኛል?

መልስ 3 (ከአዳማ)
እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ። መግለጹ አይጎዳም፣ ይጠቅማል እንጂ። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የድህረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ከዶክትሬት በኋላ ከ8 ዓመት ያልበለጠ የምርምር ልምድ ሲጠይቅ፣ ከምርምር የተራቁበትን ጊዜ አይቆጥርም። የእርስዎ ማስታወቂያ ግን ስለዚህ ምን እንደሚል ማረጋገጥ ስለሚያስፈልግ፣ የቅጥር ክፍሉን በኢሜይል ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡት።

መልስ 1 (ከአዳማ፣ መምህር)
አንድ ነገር ልጨምር። የዶክትሬት ትምህርትዎን የከፈለው መሥሪያ ቤትዎ ከሆነ የፈረሙትን የአገልግሎት ግዴታ ውል ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡ፤ ፈቃድ የሚጠየቀው የቅጥር ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ቢሆንም፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎን ከወዲሁ ማማከር ይሻላል። ኮርሶችዎን የሚሸፍን መምህር ለመፈለግ ጊዜ ይወስዳልና።