ፖስተሩ ላይ «ኮሜዲ» እንበል ወይስ «ትራጄዲ»?

ጀማሪ አዘጋጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር የሩሲያዊውን ጸሐፌ ተውኔት የቼኾቭን «የቼሪ አጸድ» በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ማተሚያ ቤቱ የፖስተሩን ጽሑፍ ለነገ ጠዋት ይፈልጋል፤ እኛ ከርዕሱ ሥር በምትገባ አንዲት ቃል ተጣልተናል። ደራሲው «ኮሜዲ» ብሎታል። ነገር ግን መጨረሻው ላይ የ87 ዓመቱ አሽከር ፊርስ ቤት ተቆልፎበት ብቻውን ይቀራል። ይህ ምኑ ያስቃል?

የጥግ ወንበር፦
«ትራጂኮሜዲ» በሉትና ተገላገሉ።

መጋረጃ ሳቢው፦
ልጆቼ፣ ያ ቃል የሚያዋጣው ሳቁና ሐዘኑ ተራ ሲጠባበቁ ነው። እዚህ አይጠባበቁም። አራተኛውን ገቢር ተመልከቱ። ነጋዴው ሎፓኺን የቤቱን እመቤት የማደጎ ልጅ ቫርያን ለጋብቻ እንዲጠይቃት ሁለቱን ብቻቸውን ትተዋቸዋል። እሷ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ጓዝ ታገላብጣለች። እሱ ስለ ብርዱ ያወራል፤ ከዜሮ በታች ሦስት ዲግሪ ነው ይላል። «አላየሁም» ትለዋለች፤ ዝም ብላ ቆይታ ደግሞ «ቴርሞሜትራችንም ተሰብሯል»። ከውጭ ሲጠሩት ይህንኑ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ፈጥኖ ይወጣል። ጋብቻው በዚያው ቀረ።

ከዓመታት በፊት ይህንን ስንለማመድ መብራት የሚሠራልን ሰው «ቴርሞሜትር» ሲባል ከት ብሎ ሳቀ። ተዋናይቷ መሬት ተቀምጣ ጥቅሉ ላይ ራሷን ስትጥል ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ፤ መብራቱን መቀየርም ረሳ። እሷ «ሳቀብኝ» ብላ ተቀየመችው። አዘጋጃችን በማግስቱ ማንም እንዳይስቅ ብሎ ንግግሩን አዘገመው። ያን ጊዜ ሳቁም ሄደ፣ እንባውም ሄደ።

ቼኾቭንም ያናደደው ይህ ነው። በ1904 (እንደ አውሮፓውያን) ሞስኮ ውስጥ አዘጋጁ ስታኒስላቭስኪ ተውኔቱን እንደ ትራጄዲ አየው፤ ማስታወቂያዎቹም «ድራማ» አሉት። ደራሲው ቢበዛ 12 ደቂቃ ይበቃዋል ያለው አራተኛው ገቢር 40 ደቂቃ ፈጀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጠባችሁ ከቃሉ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ይሁን።

አንባቢ፦
ከእኛም አለ እኮ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔታቸውን «ፋቡላ»ን «የአውሬዎች ኮመዲያ» ብለው ሰየሙት። እንስሳት ስለሚናገሩበት ተረት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ነገሩ ገብቶት አገደው።

ጀማሪ አዘጋጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ አራተኛውን ገቢር ሰዓት ይዘን ሞከርነው፤ 31 ደቂቃ ወጣው። የፊርስን ሳል ብቻ ስናሳጥር ሦስት ደቂቃ አተረፍን። ፖስተሩ ላይ የደራሲውን ቃል ጽፈናል። ፊርስን የሚጫወተው ልጅ ግን አኩርፏል።